ዐሥራ ሁለት ፈረስ

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ቅጽ ተላከልን፣
ማሽኑን በሙሉ «ቁጠሩ» የሚለን፤
«የፈረስ ጉልበቱ ከእንግዲህ ይበቃል፣
ኪሎ ዋት ጻፉበት፣ ዓለም እሱን ያውቃል።»

ወሩ ግንቦት ነበር፣ ቆርቆሮው ሲነድ፣
ውሻ የከዚራን ጥላ ጥሎ ላይሄድ፤
እኔ ማስሊያ ይዤ፣ ሮብሌ ባትሪ፣
ገባን ከአቴሊዬ፣ ቆጣሪና መሪ።

ሮብሌ —
ጡረታ ቢወጣም በሩን ያልለቀቀ፣
በሞተር ሳል ብቻ ሕመሙን ያወቀ።
(«አንቱ» ብለው ተቆጣ፤ ድሬ ነው ያለነው፣
ሽማግሌም ሕፃንም እዚህ «አንተ» ነው።)

አቧራውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣
ቁጥሩን አነበበ ከናሱ ላይ ፈልጎ፤
«ስምንት መቶ ሃምሳ ሽቮ» አለ ረጋ ብሎ፣
ፈረንሳይኛውን ከልጅነት ነቅሎ።

«ፈረስ ማለት ነው?» አልኩ። «ፈረስ» አለ። ጻፍኩ።
በሰባት መቶ አርባ ስድስት አባዛሁ፤ አካፈልኩ፤
ስድስት መቶ ሠላሳ አራት ኪሎ ዋት አልኩ።

«ቆይማ» አለኝ። «ይሄ ፈረስ የማን ነው?»
«ፈረስ ፈረስ አይደል? ምን ልዩነት አለው?»
«አለው እንጂ! ያንተ የእንግሊዝ ነው፣ ደንዳና፤
የፈረንሳዩ በዐሥር ዋት ያንሳልና፣
ሰባት መቶ ሠላሳ አምስት ላይ ይቆማል፤
ሒሳብ ሲሠሩለት ዘሩ ይጠየቃል።»

ጥግ ላይ የቆመውን የአሸዋ ጆንያ
መታ መታ አደረገው፣ ጫንቃውን፣ እንደ አህያ፤
«ሦስት ሩብ ኩንታል ነው፣ ሰባ አምስት ኪሎ፤
በሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ አንጠልጥሎ
የሚያወጣው ጉልበት — ያ ነው አንድ ፈረስ።
እንግሊዝ በጫማ፣ በፓውንድ ሲያስስ
ሌላ ፈረስ ወጣው።»

እንደገና አሰላሁ። ስድስት መቶ ሃያ አምስት።
ዘጠኝ ኪሎ ዋት ጠፋ ከአንድ ገጽ ላይ በቅጽበት።
«ስንት ፈረስ ነው ያ?»
                    «ወደ ዐሥራ ሁለት።»

«አየህ» አለኝ ሮብሌ፣ «አንተ በወረቀት!
ያልተወለደ ፈረስ፣ ዐሥራ ሁለት ሙሉ፣
በደወሌ ሽቅብ ‹ኑ ጎትቱ› ቢባሉ
አንዱም አይደርስልህ። እኔ ግን እዚያ ላይ
አይቻለሁ ባቡር ሲቆም፣ በጠራራ ፀሐይ፤
ዐሥር ፈረስ ጎድሎን የኋላ ፉርጎውን
ፈታን፤ ትተን ሄድን ፍሬን ያዡን ዲሪዬን።
ሌሊቱን ከጅብ ጋር ሲጯጯህ አደረ፣
በማግሥቱ ስንደርስ ድምፁ ዘግቶ ነበረ።»

በቅጹ ግርጌ ላይ «ምርመራ» የሚል መስመር አለ።
«በፈረንሳይ ፈረስ ተሰልቷል» ብዬ ጻፍኩ። «ጨምር» አለ፣
«ዲሪዬ ደወሌ አድሯል።»
                    «ይሄ እዚህ ምን ሊያደርግ?»
«ቁጥር ሲዋሽ ሰው ነው የሚያድር፣ በበረሃ ጥግ።»
ጠባብ ነበር ቦታው። ፊደሌን አሳንሼ ጻፍኩት።
ማን ያነበዋል? እንጃ። ማኅተም መትቼ ላክኩት።

ስንወጣ ከበሩ ውጭ አንድ ጋሪ ቆሞ ነበር፤
ፈረሱ የጎድን አጥንቱ በጣት የሚቆጠር፣
የሐብሐብ ልጣጭ ያኝካል፣ ዝንብ ዓይኑን ከቦታል።
ልቀልድ ፈልጌ፣ «ይሄስ ስንት ዋት ይወጣዋል?»

ሮብሌ አልሳቀም። ከሰኮናው ጀምሮ
እስከ ጋማው ድረስ በዓይኑ ለካው ዞሮ ዞሮ፤
«ጠዋት አንድ ፈረስ ነው። ቀትር ላይ ግማሽ።
ሲመሽ...» ዝም አለና፣ «ፈረስ ብቻ ነው ሲመሽ።»

ተሳፈርን። እኔ ብቻ ሦስት ሩብ ኩንታል ነኝ፤
ሮብሌ ከመቀመጫው በክርኑ ነካ አረገኝ።
ደቻቱን ተሻግረን ዳገቱ ሲጀምር ወረድን፤
ባለጋሪው ምንም አላለ። ፈረሱም።
                                        ሄድን።